ከበሮውን ማን ቀባው?

ታይናን፣ ታይዋን፣ ኦገስት 11 ቀን 2002

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ ለቡዴ ዋርሲኒ፤
ላሰም

አሰላሙ አለይኩም። የእናቴ ታላቅ ነዎትና በወጋችን ቡዴ ብዬ እየጠራሁዎት አደግሁ፤ ከእርስዎ በፊት ስሙን የማነሳው ሰው የለኝም። ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? የሚያቀልጡት ሰም ጭስ ዓይንዎን ማስለቀሱን ተወ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። የማስታምማቸው ሽማግሌ አቶ ሊንም እንደ አቅማቸው ደህና ናቸው። ቀኝ ጎናቸው ከደነዘዘ ወዲህ ሾርባውን ልብሳቸው ላይ ይደፉና የሚቆጡት እኔን ነው።

ቡዴ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልናገር። የልጄ የወኒንግ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ጽፋልኛለች። ልጄ እርሳስ ሲሰጧት ከእጇ ይወድቃል፣ ቀለም ስትቀባ ወረቀቱን ዳሰስ አድርጋው ብቻ ታልፋለች፣ አዝራሯን የሚቆልፉላት ሌሎች ልጆች ናቸው አለችኝ። እጇ በዚሁ ከቀጠለ በሚመጣው ጁላይ አንደኛ ክፍል አትገባም፤ ለብቻቸው ወደሚማሩት ልጆች ልትላክም ትችላለች ብላለች። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

እዚህ የአቶ ሊንን ጣቶች የምታሠራ ባለሙያ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። ነገርኳት። የልጅ ጣት የሚጠነክረው በጨዋታ ነው፣ በዓል ሲመጣ ደግሞ የበዓሉን ሥዕል ቀለም ማስቀባት ነው፣ ልጅ የሚያውቀውን ነገር ሲቀባ ድካሙን ይረሳዋል አለችኝ። ስለዚህ ረመዳንና ኢድ እስኪደርሱ ብዬ አሥራ ሁለት ሥዕሎች በእጄ ስዬ ልኬያለሁ። መስጊዱ አለ፣ ለጸሎት ጥሪ የሚመታው የመስጊዱ ትልቅ ከበሮ አለ፣ ፋኖሱ አለ፣ በኮኮነት ቅጠል የተጠለፈው የኬቱፓት ሩዝም አለ።

እባክዎ እንዲህ ያድርጉልኝ። ክሬዮኑን ሰብረው አጭሩን ቁራጭ ይስጧት፤ አጭር ከሆነ በሦስት ጣት እንጂ በጭብጥ አይያዝም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ይለጥፉላት፣ አንጓዋ እንዲበረታ። ከመቀባቷ በፊት ጥቂት የልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ትሰካ፣ ትንቀል። ከመስመር ብትወጣ አይቆጧት። በየወሩ ሦስት ሦስቱን ይላኩልኝና እጇን በወረቀቱ ልየው። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣
ልጅዎ ፑርዋንቲ

ላሰም፣ ሴፕቴምበር 3

ለልጄ ለፑርዋንቲ፤

ወአለይኩም ሰላም። አላህ የሰው አገር እሾህ እንዳይወጋሽ ይጠብቅሽ። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ እንዳለ አለ።

ጥቅሉ ደርሷል። ስሸከመው ክብደቱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስፈታው ለካ ወረቀት ነው። ወረቀቱስ ይሁን። ግን አዲስ ክሬዮን ስበሪ ትይኛለሽ? እሺ፣ ሰበርኩ። ልጅቷ አለቀሰች። «ቡዴ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። እናትሽ ናት ያዘዘችው አልኳት፤ ይባስ አለቀሰች። ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፊ አልሽ፤ አምና ለኢድ ያስቀባሁት ግድግዳ ነው፣ ይኸው ማጣበቂያው ቀለሙን ይዞት ተነሳ። ጎረቤታችን ሱቲናህ በመስኮት አይታ «ቡዴ፣ ምርጫ ደረሰ እንዴ? የትኛው ፓርቲ ነው መስጊድ የሚለጥፈው?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። መቆንጠጫዎቹን ስትሰካ ስትነቅል የታጠበው ልብስ ሁሉ አፈር ላይ ወረደ። ድጋሚ ያጠበው ማን ይመስልሻል? የታይዋኗ ባለሙያ አይደለችም።

ደግሞ ስለ ጣት ለእኔ? ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ በመዳብ ብዕር ትኩስ ሰም ጨርቅ ላይ ስነጥብ የኖርኩ የባቲክ ሴት ነኝ። እኛ ጣታችን የጠነከረው ሽንኩርት ስንልጥ፣ ከሩዝ ድንጋይ ስንለቅም ነው። ግድግዳ የለጠፈልን የለም።

የኢድ ዋዜማ መስጊዱ ግቢ ውስጥ የልጆች የቀለም መቀባት ውድድር ይደረጋል። አምና የሱቲናህ ልጅ ጋላንግ ነው ያሸነፈው። ዋንጫውን በራቸው ላይ አስቀምጣዋለች፣ የገባ ሁሉ እንዲያደናቅፈው። ሃምሳ አምስት ቀለም ያለው ሳጥን አለው አሉ። የምትልኪ ከሆነ እሱን ላኪልን፤ ምክርስ ሞልቶናል።

ሦስቱ ወረቀቶች እነሆ። ልጅቷ ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትስቃለች።

አክስትሽ ዋርሲኒ

ታይናን፣ ሴፕቴምበር 21

ለቡዴ፤

አሰላሙ አለይኩም። የግድግዳው ነገር አሳዝኖኛል፤ ስመጣ በእጄ እቀባዋለሁ። ሱቲናህንም ለአላህ ሰጥቻታለሁ።

ወረቀቶቹን እያገላበጥኩ ስንት ቀን እንዳየኋቸው አልነግርዎትም። መስጊዱ ላይ ያለው ቀለም ለዓይን እንኳ አይታይም፤ ወደ መስኮት ብርሃን ይዤ ነው መስመሩን ያገኘሁት። ፋኖሱም እንደዚያው ነው። ልጄ ስትቀባ የደከማት ይመስላል።

ከበሮው ግን ሌላ ነው። የከበሮውን የታችኛውን ጥግ አይተውታል? መዳፍ የማይሞላ ቦታ ነው፤ ቀዩ ቀለም እስኪያብረቀርቅ ድረስ ተጭነው ቀብተውታል፣ ከመስመርም አልወጣም። መስመሮቹም ከሌላው ሁሉ በተቃራኒ ያጋደሉ ናቸው። ባለሙያዋ አይታው «ይህን የቀባ ልጅ ምንም አልጎደለውም» አለችኝ።

ቡዴ፣ ይህን ጥግ የቀባው ማን ነው? ወኒንግ ከሆነች እንዴት አድርጋ ቀባችው? እርስዎ ያኔ የት ነበሩ? እባክዎ ይህን አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሱልኝ።

ሃምሳ አምስት ቀለም አልላክሁም። ወፋፍራም የሆኑ ስምንት ልኬያለሁ። እባክዎ እነሱንም ይስበሯቸው።

ፑርዋንቲ

ላሰም፣ ኦክቶበር 8

ለፑርዋንቲ፤

ወአለይኩም ሰላም። እንኳን ደስ ያለሽ! ልጅሽ ድናለች።

ሦስቱን ወረቀቶች ተመልከቻቸው። ኬቱፓቱን እይ፣ ቅጠሉ አንዱ በአንዱ ላይ ሲተላለፍ ጥላው እንኳ አልቀረም። የሁለተኛውን መስጊድ ጉልላት እይው። መምህርቷ ብታየው አፏን በእጇ ትይዛለች። ስለዚህ ከእንግዲህ ግድግዳ የለም፣ መቆንጠጫ የለም፣ ክሬዮን መስበርም የለም። አላህ ይመስገን አለቀ ደቀቀ።

ለውድድሩ አዲስ ልብስ ያስፈልጋታል። ጫማዋም ጠቧታል። ሱቲናህ ለጋላንግ ነጭ ቆብ በወርቅ ክር አስጠልፋለታለች።

ዝናቡ ገና ነው። ማንጎው ዘንድሮ ብዙ ነው።

አክስትሽ

ታይናን፣ ኦክቶበር 24

ለማከብርዎ ቡዴ፤

አሰላሙ አለይኩም። እስኪበርድልኝ ብዬ አራት ቀን ቆየሁ። አልበረደልኝም።

ጉልላቱን እንዳሉኝ አየሁት። አንዷን ነጥብ ስድስት ነጥቦች ከበዋታል፤ ከጎኗ ሌላ ነጥብ፣ ሌሎች ስድስት፤ እንዲህ እያለ እስከ ጫፉ ድረስ። ነጥቦቹ ሁሉ እኩል ናቸው። ቡዴ፣ የአምስት ዓመት ልጅ እንዲህ አትነጥብም! በላሰም ውስጥ እንዲህ የምትነጥብ አንዲት ሴት ናት፣ እሷም ያሳደገችኝ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ የተኛሁበትን ብርድ ልብስ ጠርዝ የማላውቅ መሰለዎት?

የልጄን እጅ ላኩልኝ ብዬ ለመንኩ እንጂ የእርስዎን እጅ መቼ ጠየቅኩ? የእርስዎን አውቀዋለሁ፤ አገር ያውቀዋል። ልጄ ከመስመር ወጥታ፣ ወረቀቱን ቀዳ፣ ፀሐይዋን ጥቁር አድርጋ ብትልክልኝ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌ አነባበት ነበር። አሁን ግን እጇ ይሻላት ይክፋት የማውቅበት መንገድ የለኝም። መምህርቷስ በእርስዎ ነጥብ አንደኛ ክፍል ታስገባታለች? ፈተናው ላይ አብረዋት ሊቀመጡ ነው?

ልብስና ጫማዋን ልኬያለሁ። የከበሮውን ጥግ ግን አልነገሩኝም። ማንጎ ብዙ ነው ብለው ጻፉልኝ!

ወኒንግ ቀለም ስትቀባ ፎቶ ያንሷትና ይላኩልኝ። ተቀምጣ እንድትሥቅ አይደለም፤ ስትቀባ። አንድ ፎቶ ብቻ።

ስላጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ፣ ስለተቆጣሁ ግን አይደለም።
ፑርዋንቲ

ላሰም፣ ኖቬምበር 12

ለፑርዋንቲ፤

ወአለይኩም ሰላም። ጾም ነው፤ በጾም ሰው ምላሱን ይይዛል። እኔ ይዣለሁ። አንቺም ብትይዢ መልካም ነበር።

ነጥቦቹ የእኔ ናቸው። ታዲያ ምን ይሁን? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። አንድ ሰዓት ሙሉ ግድግዳው ላይ አፍጥጣ የምትቀባው የዝንብ ክንፍ አያህልም። አንቺ እዚያ ሆነሽ እህል አልወርድ ስላለሽ ደስ ይበልሽ ብዬ ነው። የጀመርኩት ጠርዙን ላስተካክል ብዬ ነበር፤ ከዚያ እጄ ሄደ። ለዓይኔ እንደ ጨርቅ ሆነብኝ፣ ባዶ ቦታ ሳይ አያስችለኝም። ውርደት ከሆነ ውርደቱ የእኔ ነው፤ ልጅቷን አትንኪያት።

ፎቶውን ይኸው። ፎቶ አንሺው ከገበያ ድረስ ተጠርቶ መጥቶ «ቡዴ፣ ልጅ ግድግዳ ስትሞነጭር ለማንሳት ነው የጠሩኝ?» አለኝ። እናቷ ናት ያዘዘችው አልኩት። ይኸው ታይው፣ ክሬዮኑ በእጇ ነው፣ እየቀባች ነው።

ደግሞ ጥግ ጥግ አትበይኝ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

አክስትሽ

ታይናን፣ ኖቬምበር 23
በፈጣን ፖስታ

ለቡዴ፤

ዘንዶው ወጣ።

ፎቶውን አየሁት። ወኒንግ በቀኝ እጇ ክሬዮኑን ይዛለች፣ ልክ የሌላ ሰው ማንኪያ እንደያዘች። ግራ እጇ ግን ኋላዋ ነው። ደብቂ ብለዋት ይሆናል፤ ነገር ግን ወገቧ ላይ ቋጠሮው ይታያል። ቡናማ የባቲክ ቁራጭ ነው። እጇን ከቀሚሷ መቀነት ጋር አስረውታል።

ትናንት አቶ ሊን ፋኖስ ሲቀቡ ነበር። ቀኙ እምቢ ስላላቸው በግራቸው ነው የሚቀቡት። ወረቀታቸውን አንስቼ ከከበሮው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። መስመሮቻቸው ወደ አንድ ወገን ያጋደሉ ናቸው። ያን ጥግ የቀባችው ወኒንግ ናት፤ እርስዎ ዘወር ባሉበት ሰዓት፣ በግራዋ። ልጄ ግራኝ ናት እንጂ እጀ ደካማ አይደለችም። ይህን ሁሉ ወር ጤነኛውን እጇን አስረን በሌላው ስንፈትናት ከረምን። መምህርቷም የፈተነችው ያንኑ ነው።

ምን ብለው እንደሚመልሱልኝ አውቃለሁ። በግራ መስጠት ነውር ነው፣ በግራ መብላት ነውር ነው። እሺ። በቀኟ ትብላ፣ በቀኟ ትስጥ፣ በቀኟ ሰላም ትበል። ክሬዮን ግን ሰላምታ አይደለም!

ውሌ ሊያልቅ ገና አሥራ አራት ወር ይቀረዋል። ከዚህ ሆኜ እጇን ልፈታላት አልችልም። የሚፈታው ያው ያሰረው ሰው ብቻ ነው። ቡዴ፣ በእናቴ ነፍስ ይዤዎታለሁ፤ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ሰዓት፣ ቆመው እያነበቡም ቢሆን፣ ይፍቱላት።

ፑርዋንቲ

ላሰም፣ ዲሴምበር 9

ለልጄ ለፑርዋንቲ፤

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። እንኳን ለኢድ በሰላም አደረሰሽ። በባዕድ አገር ብቻሽን መሆንሽን ሳስብ ቆየሁ፤ ውልሽ ሲያልቅ አላህ ኢድን ከቤትሽ ያውልሽ።

ደብዳቤሽ ከውድድሩ ሁለት ቀን አስቀድሞ ደረሰኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አልፈታሁም። አነበብኩና ከትራሴ ስር ከተትኩት። «የወለድኳት ያህል ያሳደግኳት ልጅ ታዘኛለች?» ብዬ ከሱቲናህ ዶሮዎች ጋር ሳይቀር ተጣላሁ።

እኔም ግራኝ ነበርኩ። ይህን እናትሽም አታውቅም ነበር። ባቲክ ቤት ስገባ ሰባት ዓመቴ ነው። አራት ሴቶች አንዲት የሰም ምድጃ ከበው ይቀመጣሉ፣ ሁሉም በቀኛቸው ይነክራሉ። ከመካከላቸው አንዷ በግራዋ ከነከረች ክርኗ የጎረቤቷን ክርን ይመታል፣ ሰሙ ይፈሳል፣ የሁለት ወር ጨርቅ ይበላሻል። ሁለቴ አበላሸሁ። ከዚያ አለቃችን እጄን ከወገቤ ጋር አሰረችው፤ ሲፈታ ቀኜ ተምሮ ነበር። በእሱ ኖርኩ፣ አንቺንም በእሱ አሳደግኩ። ክፉ ሥራ መስሎ አልታየኝም። ጁላይ ላይ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ ቤት ውስጥ ሳስራትም፣ ትምህርት ቤት በቀኝሽ ብቻ ስላትም የምሰጣት ነገር ያለኝ ሆኖ ነው የተሰማኝ።

በውድድሩ ቀን ጨርቁን ፈታሁት፤ ስለ አንቺ ብዬ ሳይሆን ሰው እንዳያይ ብዬ። «በቀኝሽ፣ እሺ?» አልኳት። «እሺ ቡዴ» አለች። ልጆቹን ምንጣፍ ላይ አስቀመጧቸው፣ በፊታቸው ትንንሽ ጠረጴዛ። እናቶችን ከገመድ ኋላ አቆሙን። ገመዱ ግን ለሱቲናህ መች ገመድ ሆነ! «ጋላንግ፣ ጥቁሩ አረንጓዴ ከታች! ቀላሉ ከላይ! ሰማዩን አደብዝዘው እንጂ አንተ ድንጋይ!» ስትል ቆይታ በመጨረሻ በሆዷ ተስባ ገባች፤ ደመናውን ራሷ ቀባችው።

እኔ ወኒንግን አያለሁ። ክሬዮኑን በቀኟ ያዘች። ግራዋ ወደ ሳጥኑ ተነሳ። አየችው፤ መለሰችው፤ ከጭኗ ስር ከተተችውና ተቀመጠችበት። ማንም አላዘዛትም፣ ጨርቁም አልነበረም። እጇ ላይ ተቀምጣ እኔን ቀና ብላ አየችኝ፣ ደግ ሥራ እንደሠራ ሰው።

ፑርዋንቲ፣ እኔን ያሰረችኝ አለቃዬ ናት፤ ይህችን ልጅ ግን ራሷን እንድታስር አድርጌአታለሁ። ጉልበቴን ረስቼ ከገመዱ ስር ገባሁ። እጇን ከጭኗ ስር አወጣሁና ክሬዮኑን ሰጠኋት። ጣቷ ደንዝዞ ስለነበር አሸሁላት። «በዚህ ቅቢ» አልኳት። «ሰው አለ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ይኑር» አልኳት።

ሱቲናህ እስከ አደባባዩ በሚሰማ ድምፅ «ቡዴ! በግራ? በመስጊድ ግቢ?» አለች። «አንቺ የልጅሽን ደመና ስትቀቢ በየትኛው እጅሽ ነበር? ከሌብነት ግራ ይሻላል» አልኳት። ኢማሙ ሳቃቸውን ለመያዝ ጢማቸውን አሹ።

የውድድሩ ሥዕል መስጊድና ከበሮ ነበር፤ ከበሮውን ሙሉውን ቀባችው። ሰዓቱ አለቀና መስጊዱ ባዶ ቀረ። ዋንጫውን ጋላንግ ወሰደ፣ ማለቴ ሱቲናህ። ወረቀቱን ልኬልሻለሁ። መምህርቷ ቤት ሄጄ ነግሬአታለሁ፤ ትምህርት ሲከፈት በግራዋ እንደገና አያታለሁ ብላለች። ያን ወረቀት ሳሳያት ግን ፊቷ በራ።

አሁን የመጨረሻውን ልጻፍና ላብቃ፣ እጄ ደክሟል። የኢድ ጠዋት እንደ ወጉ ታናሽ ተንበርክኮ የታላቁን እጅ ይዞ የዓመቱን ጥፋት ይቅርታ ይጠይቅ የለ? ወኒንግ በአዲሱ ልብሷ መጥታ ተንበረከከች። «ቡዴ፣ ላጠፋሁት ሁሉ ይቅር በይኝ» አለች፣ መምህርቷ እንዳስጠናቻት። አስነሳኋትና እኔ ምንጣፉ ላይ ወረድኩ። «ተይ እንጂ ቡዴ፣ ትልቅ ሰው አይንበረከክም!» ብላ ደነገጠች። «ዝም በይና እጅሽን ስጪኝ» አልኳት። ቀኟን ዘረጋች። «እሱን አይደለም» አልኳት። ቤት ሙሉ ሰው እያየ ግራዋን ያዝኩና ሳምኩት፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። «ግን ሲታሰር በጣም ያሳክከኝ ነበር።»

አምስት ወር ሙሉ፣ ፑርዋንቲ፣ አንድ ቀን አልነገረችኝም። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም።

አክስትሽ ዋርሲኒ